ከገመዱ የሚጀምር ጥገና ቤት

በአዲስ አበባ መገናኛ አካባቢ፣ የስልክ መለዋወጫ መደብሮች ከላይ እስከ ታች በሞሉት አንድ ሕንፃ ውስጥ፣ ያረጁ ዴስክቶፕ ኮምፒውተሮችን ብቻ የሚቀበል ጠባብ ጥገና ቤት አለ። ባለቤቱ አሁን ያለበትን ሥራ እንኳ በጊዜው ማድረስ እንዳቃተው ነግሮኝ ስሙ እንዳይጠቀስ ስለጠየቀ፣ እኔም ፈቃዱን አከብራለሁ። አንባቢን የሚጠቅመውም የቤቱ ስም ሳይሆን የአመራመሩ ሥርዓት ነው፤ ሥርዓቱን ያወቀ ሰው በአዳማም ሆነ በባሕር ዳር የሚያገኘውን ባለሙያ በዚያው ሊመዝነው ይችላል።

ወደዚህ ቤት የደረስነው የጽሕፈትና የሒሳብ መዝገብ ሥራ በምንሠራበት ቢሮ ያሉት ኮምፒውተሮች በየተራ ምስላቸው እየተበላሸ ስላስቸገሩን ነው። ሁሉም እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2013 ባለው ጊዜ የተሠሩና ያገለገሉ ሆነው የተገዙ ናቸው። እንዲህ ያለውን ዕቃ ጥሎ አዲስ መግዛት ለምን እንደሚከብድ ቢሮ ያለው ሁሉ ያውቀዋል። የደንበኞቻችን የዓመታት ሒሳብ ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም ተይዟል፤ የቆዩት ደብዳቤዎችና ውሎች ደግሞ ፓወር ግዕዝ በሚባለው የአማርኛ መጻፊያ የተጻፉ ናቸው። እነዚህን ወደ አዲስ ማሽን ማዛወር ከማሽኑ ዋጋ በላይ ጊዜ ይጠይቃል፤ ስለዚህ አሮጌው እስከሠራ ድረስ ይሠራል።

ጥገና ቤቱን ከሌሎች የሚለየው የመጀመሪያው ነገር ገና ስልክ ሲደወልለት ይታያል። ኮምፒውተሩ ምስል አያሳይም ሲባል፣ ባለቤቱ «ሳጥኑን ብቻ እንዳያመጡ፤ ስክሪኑንም፣ አሁን የተሰካበትንም ገመድ ሳይቀይሩ ይዘው ይምጡ» ይላል። አብዛኛው ጥገና ቤት የሚቀበለው በተለምዶ ሲፒዩ የምንለውን ሳጥን ብቻ ነው፤ በራሱ ስክሪንና በራሱ ገመድ ይሞክረውና ወይ ደህና ነው ብሎ ይመልሰዋል፣ ወይም ደግሞ ያልተበላሸ ነገር ይቀይርለታል። የምስል ችግር ግን ከሳጥኑ፣ ከገመዱና ከስክሪኑ የትኛው ላይ እንዳለ ሳይታወቅ ካቻቪቴ ማንሳት ገንዘብ ማባከን ነው።

የእኛ የመጀመሪያው ኮምፒውተር ችግር ነጭ መሆን ያለበት ገጽ ሁሉ ቢጫ መሆኑ ነበር። እዚህ ከመምጣታችን በፊት ያየው ሌላ ባለሙያ ማዘርቦርዱ (ዋናው የውስጥ ሰሌዳ) ላይ ያለው የምስል ክፍል እንደተቃጠለ ነግሮን ነበር። የመገናኛው ባለሙያ ግን ሳጥኑን ሳይከፍት የስክሪኑን የራሱን ማስተካከያ ቁልፍ ተጫነ። ብርሃንና ቀለም የሚስተካከልበት ዝርዝር ሲወጣ ጽሑፉ ጥርት ያለ ነጭ ነበር። ይህ ዝርዝር ከኮምፒውተሩ የሚመጣ ሳይሆን ስክሪኑ ራሱ የሚፈጥረው ስለሆነ፣ እሱ ነጭ ሆኖ የኮምፒውተሩ ምስል ብቻ ቢጫ ከሆነ ስክሪኑ በአብዛኛው ነጻ ነው። ከዚያ ገመዱን ነቅሎ ጫፉን በማጉያ መነጽር አየው፤ አንዱ ፒን፣ ማለትም ከጫፉ ከሚወጡት ቀጫጭን ብረቶች አንዱ፣ ተጣሞ ተኝቶ ነበር።

ይህን ትንሽ ላስረዳው፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ያለአግባብ ከሚከፍልባቸው ብልሽቶች አንዱ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው ቪጂኤ፣ ያ ሰማያዊ ጫፍና ሁለት የጎን ብሎኖች ያሉት ገመድ፣ አሥራ አምስት ፒኖች በሦስት ረድፍ ይይዛል። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ቀለማት እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ፒን፣ ማለትም በ1ኛው፣ በ2ኛውና በ3ኛው፣ ይተላለፋሉ። ሰማያዊው ሲቋረጥ ነጩ ቢጫ ይሆናል፤ አረንጓዴው ሲቋረጥ ገጹ ወደ ወይን ጠጅ ይሄዳል፤ ቀዩ ሲቋረጥ ደግሞ ሰማያዊና አረንጓዴ የተቀላቀሉበት መልክ ይይዛል። ስለዚህ የገጹ ቀለም ራሱ የትኛው መስመር እንደተቋረጠ ይናገራል። 13ኛውና 14ኛው ፒኖች ምስሉ በመስመሩ እንዲጸና የሚያደርጉ ሲሆኑ፣ ከእነሱ አንዱ ሲላላ ምስሉ ይንከባለላል፣ ይንሸራተታል ወይም ጨርሶ ይጠፋል። 12ኛውና 15ኛው ደግሞ ስክሪኑ ስለ ራሱ ዓይነትና መጠን ለኮምፒውተሩ የሚነግርባቸው ናቸው፤ እነሱ ሲበላሹ ምስሉ ይመጣል፣ ነገር ግን ኮምፒውተሩ የስክሪኑን ትክክለኛ መጠን ስለማያውቅ ፊደሉ ሁሉ የተለጠጠና የደበዘዘ ይሆናል። እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ መጨመር ይገባል፤ በብዙ ገመዶች ላይ 9ኛው ፒን ከፋብሪካው ጀምሮ የለም፤ ስለዚህ ባዶ ቀዳዳ አይቶ ገመዱ ተሰብሯል ብሎ መደምደም ስሕተት ነው።

ባለሙያው የተጣመመውን ፒን በቀጭን ወረንጦ አቃንቶ መልሶ ሰካው፤ ነጩም ነጭ ሆነ። የጠየቀን የምርመራ ዋጋ ብቻ ሲሆን፣ እሱም ከአንድ አዲስ የቪጂኤ ገመድ ዋጋ ብዙም አይበልጥም። የተቃና ፒን እንደገና ቢታጠፍ ሊሰበር ስለሚችል አዲስ ገመድ እንድንገዛ መከረን፤ እሱ ዘንድ ግን ገመድ ስለማይሸጥ ከታች ካሉት መደብሮች እንድንወስድ አመላከተን። ዕቃ አለመሸጡ በእኔ ግምት የዚህ ቤት ትልቁ ብርታት ነው። ግራፊክስ ካርድ፣ ማለትም ምስል የሚያወጣ ተጨማሪ ሰሌዳ፣ በመደርደሪያው የደረደረ ሰው፣ ክፋት ባይኖርበት እንኳ፣ የሚያየው ብልሽት ሁሉ ግራፊክስ ካርድ የሚፈልግ ይመስለዋል።

ሁለተኛው ስክሪን ከበድ ያለ ነበር። ሲበራ ለአንድ አፍታ ምስል አሳይቶ ወዲያው ይጨልማል፤ የማብሪያው መብራት ግን እንደበራ ይቆያል። ባለሙያው የክፍሉን መብራት አጥፍቶ የስልኩን ባትሪ በጎን በኩል ወደ ጨለመው ስክሪን ሲያበራ፣ የዊንዶውስ ምስሎች በደብዛዛው ታዩ። ይህ ማለት ምስሉ አለ፣ የጠፋው ከጀርባ የሚያበራው ብርሃን ነው ማለት ነው። የዚያን ዘመን ብዙ ስክሪኖች ከጀርባቸው ቀጫጭን የፍሎረሰንት ቱቦዎች አሏቸው፤ ቱቦዎቹም ኢንቨርተር ከሚባል ሰሌዳ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይቀበላሉ። ቱቦው ሲያረጅ ወይም ኢንቨርተሩ ሲደክም መከላከያው ብርሃኑን ያቋርጠዋል። ስክሪኑ ሲበራ ለጥቂት ደቂቃ ወደ ሮዝ ያደላ መልክ የሚያሳይ ከሆነም ቱቦው ወደ መጨረሻው እየተቃረበ መሆኑን መጠርጠር ይቻላል።

በዚህ ጊዜ የባለሙያው ምክር ግልጽ ነበር፦ ጥፋቱ የኃይል ሰሌዳው ላይ ካበጠ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ከሚያጠራቅም ትንሽ ዕቃ) የመጣ ከሆነ መጠገን ያዋጣል፤ ቱቦው ራሱ ከሆነ ግን በቱቦ ፈንታ በኤልኢዲ የሚበራ ያገለገለ ስክሪን መግዛት ይሻላል። ስክሪኑን ከፍቶ ሲያየው ጫፋቸው እንደ ተነፋ እንጀራ ያበጡ ሁለት ካፓሲተሮች ስለተገኙ ቀየራቸው፤ ስክሪኑም እስከ ዛሬ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ጥራታቸው የተጓደለ ካፓሲተሮች በብዙ አምራቾች ዕቃ ውስጥ ገብተው ብዙ ሰሌዳ አበላሽተዋል፤ ከዚያ ወዲህ የተሠሩትም ቢሆኑ ሙቀትና ዕድሜ ሲያገኛቸው ያብጣሉ። አንባቢ ግን ይህን በቤቱ ሊሞክረው አይገባም። የስክሪን የኃይል ሰሌዳ ከሶኬት ተነቅሎ እንኳ አደገኛ ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ የስልክ መብራቱን ምርመራ ማንም ቢያደርገው ችግር የለውም፣ የኋላውን ክዳን መክፈት ግን የባለሙያ ድርሻ ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ ይበልጥ የተለመደው ነው። ማሽኑ ይበራል፣ ማራገቢያው ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ምልክት አልደረሰኝም ይላል። የብዙዎቻችን ግምት ፓወር ሰፕላይ ወይም ማዘርቦርድ ላይ ያርፋል። ባለሙያው መጀመሪያ ያደረገው ኃይሉን ከሶኬት ነቅሎ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ የቀረውን ኤሌክትሪክ ካስለቀቀ በኋላ፣ ራሞቹን፣ ማለትም የኮምፒውተሩን ጊዜያዊ ማስታወሻ የሚይዙትን ሰሌዳዎች፣ ማውጣት ነበር። በእነዚህ ማሽኖች ላይ ለብቻው የተገጠመ ግራፊክስ ካርድ ከሌለ፣ የምስሉ ክፍል የሚጠቀመው ከዋናው ራም ቆርሶ በመውሰድ ስለሆነ፣ የራም መላላት በምስል መጥፋት ይገለጣል። ራሙ ጨርሶ ካልተነበበ ደግሞ ማሽኑ ምስል እስከማውጣት አይደርስም፤ በድምፅ ወይም ከፊት ባሉት መብራቶች ብቻ ያመለክታል። የድምፁ ቁጥር ትርጉም ከአምራች አምራች ስለሚለያይ ከአንዱ ማሽን የተማሩትን ለሌላው መጠቀም ያሳስታል።

የራሙን ወርቃማ ጥርሶች በላጲስ ማጽዳት በአገራችን ያልሞከረው ሰው ጥቂት ነው፤ ብዙ ጊዜም ይሠራል። ይህ ቤት ግን ላጲስን በመጠኑ ነው የሚጠቀመው። ጠንካራው ላጲስ ስሱን የወርቅ ቅብ እየፋቀ ስለሚሄድ፣ ፍርፋሪውም ማስገቢያው ውስጥ ስለሚቀር፣ ባለሙያው በአልኮል የረጠበ ጨርቅ ይመርጣል፤ ማስገቢያውን ደግሞ በለስላሳ ብሩሽና በአየር ያጸዳዋል። ከዚያ አንዱን ራም ብቻ በአንዱ ማስገቢያ እየሰካ ይሞክራል፤ ቀጥሎ ማስገቢያውን ይቀይራል። አድካሚ ነው፣ ግን ከራሙና ከማስገቢያው የትኛው እንደታመመ በእርግጥ የሚለየው ይህ ብቻ ነው። የእኛ ራሞች ደህና ነበሩ፤ አንዱ ማስገቢያ በአቧራ ተዘግቶ ነበር። በዚያው አጋጣሚ የማዘርቦርዱን ባትሪ፣ ሲአር2032 የሚባለውን ክብ የ3 ቮልት ባትሪ፣ በመልቲሜትር ለክቶ ደክሞ ስላገኘው ቀየረልን። ይህ ባትሪ ሲያልቅ ሰዓቱ ወደ ኋላ መመለሱን ሁሉም ያስተውላል፤ ምስሉ በየትኛው መውጫ እንዲወጣ የተመረጠው ቅንብር አብሮ እንደሚጠፋ ግን ጥቂቱ ነው የሚያውቀው።

አንድ ነገር ሳላነሳ ባልፍ ቅር ይለኛል። ማሽኑን ስንሰጥ ባለሙያው ሃርድ ዲስኩን ፈትቶ ሰጠንና ይዘን እንድንሄድ ነገረን። ምስል መውጣት አለመውጣቱን ለማወቅ ባዮስ፣ ማለትም ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም፣ የሚያሳየው የመጀመሪያ ገጽ ይበቃል፤ ለዚያ ደግሞ ዲስክ አያስፈልግም። የደንበኞቹን የግብር ሰነድ በኮምፒውተር የያዘ ቢሮ ይህን ምን ያህል እንደሚያመሰግን መናገር አያሻም። የይለፍ ቃል የጠየቀን የሶፍትዌር ችግር በነበረው ማሽን ላይ ብቻ ሲሆን፣ እሱንም ከእኛ አንዱ በቦታው እያለ ነው የሠራው።

ያ የሶፍትዌር ችግር የሁለት ጥገና ቤቶችን ልዩነት ጥርት አድርጎ ስላሳየኝ ረዘም አድርጌ ልግለጸው። ማሽኑ ባለ ሁለተኛ ትውልድ የኢንቴል ኮር ፕሮሰሰር ነው፤ ዊንዶውስ 7 ተነሥቶለት ዊንዶውስ 10 ከተጫነ በኋላ ምስሉ ተለጥጦ፣ መጠኑን መቀየር የማይቻል ሆኖ፣ ቪዲዮም ሲከፈት እየተጎተተ ቀረ። ቀድሞ ያየው ቤት ግራፊክስ ካርድ ካልተገጠመ መፍትሔ የለውም ብሎ ዋጋ ነገረን። የመገናኛው ባለሙያ የጠየቀን አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ «ጋሼ፣ ዊንዶው ከመግባቱ በፊት የሚወጣው ጽሑፍ ደህና ነው ወይስ እሱም ተበላሽቷል?» ደህና ነበር። ባዮስ ላይ ምስሉ ትክክል ሆኖ ዊንዶውስ ውስጥ ሲገባ ከተበላሸ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ከድራይቨሩ፣ ማለትም ዊንዶውስን ከግራፊክሱ ክፍል ጋር ከሚያገናኘው ፕሮግራም፣ ነው፤ ባዮስ ላይም ከተበላሸ ግን ገመድ፣ ስክሪን ወይም የውስጥ ዕቃ ነው። ማንኛውም ሰው ወደ ጥገና ቤት ከመሄዱ በፊት ይህን ብቻ አይቶ ቢሄድ ባለሙያው የሚለውን ለማመዛዘን ይችላል።

የመሣሪያዎች ዝርዝር ሲከፈት በግራፊክሱ ቦታ የተጻፈው ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር የሚል ነበር። ይህ ትክክለኛው ድራይቨር ሲጠፋ ዊንዶውስ ለጊዜው የሚጠቀምበት ነው፤ ምስል ያወጣል፣ የግራፊክሱን ክፍል አቅም ግን አይጠቀምም። ኢንቴል ለዚያ ትውልድ ኤችዲ 2000 እና 3000 ግራፊክስ ለዊንዶውስ 10 ተብሎ የተዘጋጀ ይፋዊ ድራይቨር አላወጣም፤ ለዊንዶውስ 8 የተሠራው ግን በዊንዶውስ 10 ላይ ይሠራል። ባለሙያው እሱን ጫነልንና ምስሉ ወደ ትክክለኛ መጠኑ ተመለሰ። ከዚያ በፊት የነበሩ ማሽኖች፣ ለምሳሌ የኮር 2 ዱኦ ዘመን የሆኑት፣ እንዲህ በቀላሉ እንደማይስተካከሉና ለእነሱ ካርድ መግጠም ምክንያታዊ ሊሆን እንደሚችል በሐቅ ነገረን።

ካርድ የገጠመልን ለአንድ ማሽን ብቻ ነው፤ የማዘርቦርዱ ቪጂኤ መውጫ ከሥሩ ተላቅቆ ስለነበር። ከሌላ ቦታ ገዝተን እንድናመጣ የመረጠልን ኤንቪዲያ ጂቲ 710 ነበር። ይህ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ካርድ የሚፈልገው ኃይል 19 ዋት ገደማ ስለሆነ የአሮጌ ቢሮ ኮምፒውተሮችን ደካማ ፓወር ሰፕላይ አያስጨንቅም፤ ብዙዎቹ ቪጂኤ፣ ዲቪአይና ኤችዲኤምአይ አንድ ላይ ስላላቸው አሮጌውም አዲሱም ስክሪን ይሰካባቸዋል፤ ለጠባብ ሳጥን የሚሆን አጭር መያዣም ያላቸው አሉ። ጉዳቱን ግን አልደበቀም፤ የዚህ ካርድ ትውልድ አዳዲስ ድራይቨር ማግኘት አቁሟል። ለደብዳቤና ለሒሳብ ሥራ ይህ ምንም ማለት አይደለም። ካርዱ ከተገጠመ በኋላ በብዙ አሮጌ ማሽኖች ላይ የማዘርቦርዱ መውጫ ስለሚዘጋ ገመዱ መሰካት ያለበት ካርዱ ላይ መሆኑን በወረቀት ጽፎ ሳጥኑ ላይ ለጠፈልን። ቀላል ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን የጽዳት ሠራተኛዋ ጠረጴዛውን በገፋች ቁጥር ገመዱ በአሮጌው ቀዳዳ ተሰክቶ «ጠፋ» የሚል ስልክ ከመደወል ያድናል።

እስካሁን የጻፍኩት ምስጋና ስለሚበዛበት ጉድለቶቹንም በዚያው ልክ መግለጽ ይገባኛል። መጠበቅ አለ፤ ረጅም መጠበቅ። ቤቱ አንድ ባለሙያና አንድ ተለማማጅ ብቻ ስላሉት፣ ይደርሳል በተባለበት ቀን የደረሰልን ሥራ ጥቂት ነው፤ ደውሎ መዘግየቱን የማሳወቅ ልማድም የለም። ሁለተኛው፣ ቢሮ ድረስ መጥቶ አያይም። ይህ በሚመጣና በሚጠፋ ችግር ላይ ከባድ ጉድለት ነው። ከማሽኖቻችን አንዱ ምስሉ አልፎ አልፎ ብልጭ ድርግም ይል ነበር፤ ጥገና ቤቱ ውስጥ ግን ቀኑን ሙሉ በርቶ ምንም ሳይል ይመለሳል። በመጨረሻ ጥፋቱ የተገኘው እኛው ዘንድ ነበር፤ ስክሪኑ፣ ፕሪንተሩና የውሃ ማፍያው በአንድ ልል ዲቫይደር ላይ ተሰክተው ነበር። ባለሙያው ቢሮውን አንድ ጊዜ ቢያየው ኖሮ በአምስት ደቂቃ ይገባው ነበር። ስለ ስታቢላይዘርና ስለ ዲቫይደር አስቀድሞ የመጠየቅ ልማድ ቢኖረው ይህን ሁሉ ምልልስ ያስቀር ነበር።

ሦስተኛው ቅሬታዬ ደረሰኝ ነው። ወጪውን በመዝገብ ማስያዝ ያለበት ቢሮ የእጅ ጽሑፍ ወረቀት ይዞ ቢሄድ ምን እንደሚባል የሒሳብ ሰው ያውቃል፤ ሕጋዊ ደረሰኝ ያገኘነው ደጋግመን ከጠየቅን በኋላ ነው። የሥራ ዋስትናው ጊዜም አጭር ነው፤ ለካፓሲተር ለውጥ ከዚህ የተሻለ ዋስትና መስጠት ይቻላል ብዬ አስባለሁ። ባለሙያው የሠራውን ነገር በዝርዝር ጽፎ አለመስጠቱም ለሚቀጥለው ጠጋኝ መረጃ ያሳጣል፤ እኛ በራሳችን ደብተር መያዝ ጀምረናል።

ይህን ቤት ለማን እመክራለሁ? ላፕቶፕ ለያዘ፣ ጌም ለሚጫወት ወይም ዛሬ ሰጥቶ ነገ ለሚቸኩል ሰው አልመክረውም። አሮጌ የቢሮ ዴስክቶፕ ይዞ፣ ከመጠገንና ከመጣል የትኛው እንደሚያዋጣ በቅን ልብ የሚነግረው ለሚፈልግ ሰው ግን ከማውቃቸው ሁሉ አስቀድመዋለሁ። ከእኛ ማሽኖች አንዱን አልጠግንም ብሎ መልሶልናል። የማዘርቦርዱ የምስል ክፍል በእርግጥ ሞቶ ነበር፤ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስላቆመና ማሽኑም ወደ ዊንዶውስ 11 በይፋ ማደግ ስለማይችል፣ ለእሱ ሌላ ሰሌዳ ፈልጎ መግጠም ትርፍ የለውም አለን። ራሙን አውጥቶ ለሌላኛው ኮምፒውተር ገጠመልን፤ ሳጥኑንና ሰሌዳውን ምን አለሽ ተራ ብንወስደው ጥቂት ገንዘብ እንደምናገኝበትም ነገረን፤ ለዚህ ሁሉ ያስከፈለን የምርመራውን ብቻ ነው።

የሚሄድ ሰው ጠዋት ቢሄድ ይሻላል፤ ከሰዓት በኋላ ሰልፉ ደረጃው ላይ ይደርሳል። ስክሪኑን፣ ገመዱንና የኃይል ገመዱን አብሮ ይያዝ፤ ችግሩ አልፎ አልፎ የሚታይ ከሆነ በታየበት ሰዓት በስልክ ቀርጾ ይሂድ። ሕጋዊ ደረሰኝ የሚያስፈልገው ከሆነም ሥራው ከመጀመሩ በፊት ይናገር።